ጣቴን የቀሰርኩበት መሳቢያ

በዘጠኝ ዓመቴ የእናቴን ሥራ የማየው እንደ ሩጫ ውድድር ነበር።

ፋብሪካው ለንደን ውስጥ፣ ከሼፈርድስ ቡሽ ገበያ ጀርባ፣ ከአንድ ምንጣፍ ሻጭ በላይ፣ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው። አሥራ ሁለት ሴቶች በሁለት ረድፍ ተቀምጠው የወንድ ሸሚዝ ይሰፋሉ። አንዷ እጅጌ፣ አንዷ ኪስ፣ አንዷ የቁልፍ ቀዳዳ ትይዛለች። እናቴ አልታየሽ ኮሌታ ከሚሰፉት አንዷ ነበረች። ባቡሩ በገበያው አናት ላይ ባለፈ ቁጥር መስኮቱ ይንቀጠቀጣል፤ ወለሉ ግን ባቡር ኖረም አልኖረ ቀኑን ሙሉ እንደተንቀጠቀጠ ነው። የስፌት መኪናው ዘይትና እርጥብ ጨርቅ ሲተኮስ የሚወጣው ሽታ እስከ ዛሬ አፍንጫዬ ውስጥ አለ። ጊዜው 1975 ዓ.ም. ነው። አገር ቤት ክረምት ሲሆን እዚህ በጋ ነው፤ ትምህርት ቤት ተዘግቶ ቤት የሚጠብቀኝ ሰው ስላልነበረ እናቴ ጣሊያናዊውን ካቦ ለምና ከጎኗ በርጩማ ላይ ታስቀምጠኝ ነበር።

ከአሥራ ሁለቱ ሦስቱ የእኛ ሰዎች ናቸው። እናቴ፣ እትዬ አስካለማርያምና እትዬ ርግበ። እትዬ አስካለማርያም በዕድሜ ትልቋ ናቸው፤ እሳቸው ሲናገሩ ሌላው ዝም ይላል። ታናሽ ወንድማቸው ባለፈው ዓመት ሰሜን ዘምቶ ቀርቷል፤ ከዚያ ወዲህ ጥቁር ነጠላቸውን አላወለቁም። እትዬ ርግበ የአስመራ ልጅ ናት። ከአሥራ አራት ዓመቷ ጀምሮ እዚያ በጣሊያኖች የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ስትሠራ አድጋለች። አማርኛን የተማረችው ትምህርት ቤት ስለሆነ ከእኛ ይልቅ አጥርታ ትናገራለች። እናቴ አዲስ አበባ ሳለች የቢሮ ጸሐፊ ነበረች፤ መርፌ ውስጥ ክር ማስገባት እንኳ በቅጡ አታውቅም ነበር። ካቦውን በጣሊያንኛ አግባብታ ሥራውን ያስገኘችላት፣ በስፌት መኪናው ላይ እጇን ይዛ ያስተማረቻት ርግበ ናት። ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ ቤታችን እየመጣች ፀጉሬን ትሠራኛለች። ጣቶቿ ፈጣን ናቸው፤ አያሳምሙም።

ቆርቆሮዋን የፈጠረችውም እሷ ናት። የኮሌታ ጠርዝ መታጠፍ፣ በጣት መያዝ፣ ከዚያ መሰፋት አለበት፤ ጊዜ የሚበላው ማጠፉ ነው። ርግበ የሳርዲን ቆርቆሮ በመቀስ ቆርጣ ጫፉን ወደ ውስጥ ጠቀለለችው። እናቴ ደግሞ ጨርቁን እንዳይዝ ስለቱን በጥፍር መሞረጃ አለሳለሰችው። ከመርፌው ፊት ሲያስሩት ጨርቁ በአንድ በኩል ገብቶ ታጥፎ በሌላ በኩል ይወጣል። ያቺ ቆርቆሮ ከመጣች ወዲህ እናቴ ምሳ አለፍ እንዳለ የቀኑን ሥራ ትጨርሳለች። የጨረሰችውን ከመኪናው ሥር ባለው መሳቢያ ትደብቅና እስከ ማታ እየቆነጠረች ታወጣዋለች። ቆርቆሮዋም በጨርቅ ተጠቅልላ የምታድረው እዚያው መሳቢያ ውስጥ ነው። ይህን የሚያውቁት ሦስቱ ሴቶች ብቻ ነበሩ። እኔን ማንም አልቆጠረኝም።

ለምን እንደሚደብቁት አልገባኝም። ድብብቆሽ ይመስለኝ ነበር፤ ሦስቱ ሲተያዩ የሚስቁት ሳቅ የልጅ ሳቅ ነበርና። የሚከፈላቸው በሰፉት ብዛት እንደሆነ፣ እጃቸው መፍጠኑ ከታወቀ ደግሞ የፋብሪካው ባለቤት የአንዱን ኮሌታ ዋጋ እንደሚቀንሰው ያወቅሁት ካደግሁ በኋላ ነው። ርግበ ይህን አስመራ አይታዋለች። ሁለት የሽመና መኪና ትጠብቅ የነበረች ሴት አራት ጠብቂ ትባልና አጠገቧ የምትሠራው ሴት ከሥራ ትሰናበታለች። «ማሽን ከመምጣቱ በፊት ሰዓት የያዘ ሰው ይመጣል» ትል ነበር።

ሰዓት የያዘው ሰው የመጣው በሦስተኛው ሳምንታችን ነው። ቀጭን፣ ፀጉሩ የሳሳ፣ ሸሚዙ በደንብ የተተኮሰ እንግሊዛዊ ነበር። አንገቱ ላይ የሩጫ ሰዓት አንጠልጥሏል፤ ትምህርት ቤታችን የስፖርት ቀን ሲሆን አስተማሪያችን የምትይዘው ዓይነት። ከእያንዳንዷ ሴት ኋላ ይቆማል፣ ቁልፉን ይጫናል፣ ያያል፣ መልሶ ይጫናል፣ ሰሌዳው ላይ ይጽፋል። ሊያወዳድራቸው መጥቷል፤ እናቴ ደግሞ አንደኛ እንደምትወጣ ቅንጣት አልተጠራጠርኩም።

ከእኛ ዘንድ ሲደርስ ግን ቆርቆሮዋ ከመኪናው ላይ የለችም። እናቴ ጠርዙን በጣቷ ታጥፋለች፣ ትይዛለች፣ ታስተካክላለች፣ እንደገና ትፈታለች። አንዱን ኮሌታ እስክትጨርስ ባቡር ሁለቴ አለፈ። ሰውየው ጽፎ ወደ ቀጣይዋ ሄደ። እጅጌ የምትሰፋዋ ወፍራም አይሪሽ ሴት እንኳ ከእናቴ ፈጠነች። አፈርኩ። ያን ዓይነት እፍረት የሚያውቀው እናቱ በሰው ፊት ስትሸነፍ ያየ ልጅ ብቻ ነው።

ሰውየው ሦስት ቀን ተመላለሰ። በሦስተኛው ቀን በሻይ ሰዓት ደረጃው ላይ ተቀምጬ ሳለ መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠ። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ይህን ዛሬም እላለሁ። የእኔ እኩያ ሴት ልጅ እንዳለችው ነገረኝ፣ ሰዓቱን ከአንገቱ አውልቆ እንድጫነው ሰጠኝ። ቀዝቃዛና ከባድ ነበር። ቀጭኗ ቀይ ዘንግ ስትሮጥ አያት ጀመር። እትዬ ርግበ የሻይ ኩባያ ይዛ በአጠገባችን ወደ ላይ ስትወጣ ለሰውየው ደህና ዋሉ ብላው፣ እሱም መልሶላት አለፈች። ከዚያ ሰውየው አጠገቧ የምትቀመጪላት ሴት እናትሽ ናት ወይ አለኝ። ነገርኩት። ጥንቁቅ ሴት ናት፣ ትንሽ ዝግ ትላለች እንጂ፣ አለኝ።

ዝግ አትልም አልኩት። አንተ ስትመጣ ነው እንጂ ከሁሉም ትፈጥናለች፤ ቆርቆሮ አላት አልኩት። ፈገግ አለ። ያላመነኝ መሰለኝ። እጁን ይዤ ወደ ውስጥ አስገባሁት። ሴቶቹ ከጓሮ በኩል ሻይ ላይ ነበሩ፣ መኪኖቹ ሁሉ ጸጥ ብለዋል። ከአዳራሹ በር ላይ ቆሜ ወደ እናቴ መኪና፣ ወደ መሳቢያው፣ ጣቴን ቀሰርኩ።

ዛሬ ኮሌጅ ውስጥ የኢኮኖሚ ታሪክ አስተምራለሁ። ሠራተኛ በእጁ የያዘው ዕውቀት እንዴት ወደ ማሽን እንደሚሻገር፣ ሰዓት የያዙ ሰዎች በየፋብሪካው እየገቡ የሠራተኛውን ብልሃት እንዴት በወረቀት እንዳሰፈሩት የሚያወራ አንድ ምዕራፍ አለኝ። ተማሪዎቼ ያንን ሳምንት ይወዱታል። በምሳሌ እያስረዳሁ ሃያ ሁለት ዓመት አስተማርኩት፤ ይህንን ምሳሌ ግን አንስቼው አላውቅም።

ሰኞ ዕለት ቆርቆሮዋ ከመሳቢያው ጠፋች። ከሁለት ሳምንት በኋላ ኮሌታ በሚሰፉት መኪኖች ሁሉ ላይ የሚያብረቀርቅ ብረት ታሰረ። ቅርጹ ራሱ የእኛ ቆርቆሮ ነበር። ኩራቴ ሊያፈነዳኝ ደረሰ፤ እናቴ አሸንፋ የተሸለመች መሰለኝ። የሷን ፊት ቀና ብዬ ሳይ ግን አመድ ለብሶ ነበር። የኮሌታ ዋጋ ወደ ግማሽ ተቀንሶ ነበር። ድሮ እስከ ምሳ የምታገኘውን ገንዘብ ለማግኘት አሁን እስኪመሽ ቀና ሳትል ትሰፋለች።

በዚያው ሳምንት እሑድ እትዬ አስካለማርያም ከቅዳሴ መልስ ቤታችን መጡ። ነጠላቸውን ሳያወልቁ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጡ፤ ያለን አንድ ክፍል ነበርና እንግዳ የሚቀመጠው አልጋ ላይ ነው። እኔ መሬት ላይ እየሣልኩ ነበር። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ብዙ አወሩ። የገባችኝ አንዲት ቃል ናት፦ ጠቋሚ። መካከላችን ጠቋሚ አለ ይላሉ።

ያቺን ቃል አውቃታለሁ። አባቴ የት እንዳለ በጠየቅሁ ቁጥር የምሰማት እሷን ነው፤ አባትሽን ጠቋሚ በላው ይሉኛል። ሦስት ዓመቴ ሳለ ነው ከቤት የወሰዱት። ጠቋሚ ማለት ጣቱን የሚቀስር ሰው እንደሆነ ጠይቄ ተነግሮኛል፤ ጣት የተቀሰረበት ሰው ወዴት እንደሚሄድ ግን ማንም አላስረዳኝም። ስለዚህ እርሳሴን ይዤ ጣቴን አየሁት። እናቴም አባቴ እንደተበላ ልትበላ ነው ብዬ አሰብኩ። የበላኋት ደግሞ እኔ።

እትዬ አስካለማርያም ጠቋሚዋ ማን እንደሆነች ወስነው መጥተዋል። ነገሩን የምናውቀው ሦስት ነን አሉ፤ እኔ አላደረግሁም፣ አንቺም በራስሽ ላይ አታደርጊም። ከካቦው ጋር በጣሊያንኛ የምትሳሳቀው ማን ናት? ቀጥለው ስለ ወንድማቸው፣ ስለ ሰሜን አወሩ። ሸሚዝ ከሰሜን ጋር ምን እንዳገናኘው አልገባኝም ነበር። እናቴ ወደ እኔ ዞረች።

«ሮማን፣ ያን ባለሰዓት ሰውዬ ከእኛ ሰዎች ያነጋገረው አለ?»

ሁለቱም ያዩኛል። እትዬ ርግበ ደህና ዋሉ ስትለው ሰምቻለሁ፤ ስለዚህ ውሸት አይደለም ብዬ ለራሴ ነገርኩት።

«እትዬ ርግበ አነጋግራዋለች» አልኩ። «ደረጃው ላይ።»

እትዬ አስካለማርያም አማተቡ። እናቴ ረጅም ጊዜ አየችኝ። ከዚያ ተነሥታ ድስቱን ማማሰል ጀመረች።

በማግስቱ ፋብሪካው ውስጥ ሁለቱ ሴቶች ለርግበ ሰላምታዋን አልመለሱላትም። በሻይ ሰዓት እሷ ስትቀመጥ እነሱ ይነሣሉ። ነገሩ ቤተ ክርስቲያንም ደረሰ፣ የስደተኞች ማኅበራችንም ዘንድ ደረሰ። ለንደን ውስጥ ያኔ ጥቂት ነን፣ ሁላችንም የተጠቆመብን ሰው አለን፤ ያቺ ስም የወጣችበት ሰው በር የሚከፍትለት አያገኝም። ርግበ እንደ ልማዷ ማበጠሪያዋን በላስቲክ ይዛ ቅዳሜ መጣች። እናቴ የበሩን ሰንሰለት ሳትፈታ በስንጥቁ አነጋገረቻት። በዝግታ ስለሚያወሩ ከአልጋው ላይ ሆኜ አልሰማሁም። የሰማሁት የመጨረሻውን የእናቴን ቃል ብቻ ነው።

«ልጄን ተያት።»

ፀጉሬን እንዳትሠራኝ ስትከለክላት መሰለኝ። በስንጥቁ የርግበን አንድ ዓይን አየሁት፤ እኔን እያየኝ ነበር። ከዚያ የእግሯ ኮቴ በደረጃው ወረደ። በዚያው ወር ሥራውን ለቀቀች፣ ከሼፈርድስ ቡሽም ጠፋች።

የፈረንጆቹ ገና ሳይደርስ ትልቁ ማሽን ገባ። የልብስ ቁምሳጥን ያክላል፣ ኮሌታ ብቻውን ያጥፋል ይሰፋል። ከአሥራ ሁለቱ ሴቶች ሰባት ቀሩ። መጀመሪያ የተሸኙት እትዬ አስካለማርያም ናቸው፤ ዕድሜያቸው ገፍቷል ተባለ። እናቴ ከቀሩት አንዷ ነበረች። ባለቤቱ ቆርቆሮዋን ማን እንደሠራት ሲጠይቅ እኔ ነኝ ብላለች፤ እንዲህ ዓይነት ጭንቅላት ያላትን አላሰናብትም ብሎ ማሽኑ ላይ አስቀመጣት። አሥራ አንድ ዓመት ሠራችበት። እኔን ያስተማረችኝ በዚያ ደመወዝ ነው። ትምህርት ቤት የለበስኩት፣ ዩኒቨርሲቲ ስገባ የተሳፈርኩት ባቡር ሁሉ ከዚያ ማሽን የወጣ ነው።

ስለ ርግበ ቤታችን ተወርቶ አያውቅም። እኔም አላነሣሁም። አሥራ አምስት ዓመቴ ላይ ያደረግሁት ነገር ምን እንደሆነ ሙሉ በሙሉ ገባኝ፤ ሲገባኝ ይበልጥ ዝም አልኩ። እናቴ ካወቀች ትሞታለች ብዬ ነበር።

ካቻምና እትዬ አስካለማርያም አረፉ። ለቅሶው ላይ አንዲት ሴት ርግበ ደቡብ ለንደን፣ ክሮይደን እንደምትኖር፣ እዚያ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ቢሮ ስታጸዳ ኖራ ጡረታ እንደወጣች ነገረችኝ። ስልኳን ተቀበልኩ። ለመደወል አምስት ወር ፈጀብኝ።

ቤቷ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ በመስኮቱ ትራሙ ይታያል። ፀጉሯ ሙሉ በሙሉ ነጭ ሆኗል፣ ጣቶቿ በሪህ ተቆልምመዋል። ድሮ አንቺ እላት ነበር፣ ያን ቀን ግን አፌ በራሱ እርስዎ አለ። ሻይ ቀድታ ሳታቋርጠኝ ሰማችኝ። ሰዓቱን፣ መሳቢያውን፣ ያቺን እሑድ፣ ሁሉን ነገርኳት።

«አውቅ ነበር» አለችኝ። «ኩባያዬን አስቀምጬ ስመለስ በሩ ላይ ቆመሽ ስታሳዪው አይቼሻለሁ።»

ታዲያ ለምን አልተናገሩም አልኳት።

«ተናግሬያለሁ። ያን ቅዳሜ በሩ ላይ ለእናትሽ ነገርኳት። ሰውየው ራሱ ቀድሞኝ ነበር፤ ብረቱ የታሰረ ዕለት ጎበዝ ልጅ አለችሽ ብሎ አመስግኗት ኖሯል። አውቃለሁ፣ ልጄን ተያት፣ አለችኝ።»

ያቺ እሑድ ተመልሳ መጣች። እናቴ ስትጠይቀኝ መልሱን ታውቀው ነበር። ርግበ ነች ስላት፣ እንዳልሆነች እያወቀች ድስቱን አማሰለች።

ይቅር እንዲሉኝ ነው የመጣሁት አልኳት።

«ዘጠኝ ዓመትሽ ነበር» አለች ርግበ። «ለዘጠኝ ዓመት ልጅ የያዝኩት ቂም የለም። ከዚያ በኋላ ግን ሃያም ሆነሽ ነበር፣ ሠላሳም ሆነሽ ነበር።»

ተነሥታ ኩባያዎቹን ሰበሰበች።

እናቴ ኬኒንግተን ነው የምትኖረው፤ ሰማንያ ሊሞላት ሁለት ዓመት ቀርቷታል። ከርግበ ዘንድ እንደመጣሁ ስነግራት ቴሌቪዥኑን አጠፋች። ለምን እንዳደረገችው አልጠየቅኋትም፤ ራሷ ተናገረች። ያቺ ስም አንድ ጊዜ ከወጣችብሽ የትም ብትሄጂ ትከተልሽ ነበር አለች። ከአንቺና ከሷ ማን ይሻላል ብዬ አንቺን መረጥኩ፤ ቆርቆሮዋን እኔ ሠራሁ ያልኩት ግን ለአንቺ ብዬ አይደለም፣ ሥራውን ፈልጌው ነው፣ አለች። ከዚያ በኋላ ሦስት ሳምንት ስለ ነገሩ አልተነፈሰችም። በአራተኛው ወደ ክሮይደን የሚሄደው ባቡር ከየት እንደሚነሣ ጠየቀችኝ።

ሐሙስ ቀን ወሰድኳት። ሦስተኛ ፎቅ ለመድረስ በየማረፊያው እየቆመች ተነፈሰች። ርግበ በሩን ከፈተችና ሁለታችንንም አየች። ሁለቱ አሮጊቶች ሰላም አልተባባሉም። ርግበ እናቴ እንድታልፍ ወደ ጎን ፈቀቅ አለችና እኔን እዚያው ጠብቂ አለችኝ። በሩ ተዘጋ።

ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ። ድምፃቸው ይሰማኛል፤ አንዴ የአንዷ፣ አንዴ የሌላዋ። ቃሉን መለየት አልቻልኩም። ጆሮዬን በሩ ላይ ማድረግ ተመኘሁና ተውኩት። አንድ ሰዓት ከሩብ ያህል ተቀመጥኩ። እናቴ ስትወጣ ዓይኗ አብጧል፤ ክንዴን ይዛ ወረደች።

ትራሙ ውስጥ በመስኮቱ ወደ ውጭ እያየች ቆየች።

«ይቅር አላለችኝም» አለች በመጨረሻ። «የዛሬ ሳምንት ደግሞ ነይ ብላኛለች።»